ለአምሳሉ ማን ይከፍላል?

ድፎ ዳቦ ሲደፋ ያየ ሰው የፋይበር ግላስን ምስጢር ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። እናቶቻችን ሊጡን ከመድፋታቸው በፊት መጋገሪያው ላይ ኮባ ያነጥፋሉ። ኮባው የተጠራበት ሥራ አንድ ነው፤ ሊጡ ከብረቱ ጋር እንዳይጣበቅ መሀል ገብቶ መገላገል። ነገር ግን ማንም ሳያዘው ሌላ ሥራ ጨምሮ ይሠራል፤ የራሱን ጅማት በዳቦው ጀርባ ላይ ያትማል። ዳቦው በስሎ ሲገለበጥ የቅጠሉ መስመር አንድ በአንድ ይነበባል። ቅጠሉ የተቀደደበት ቦታ ካለም ቅዳዱ ሳይቀር ይነበባል። እንግዲህ የቅርጽ ማውጫ ሕግ ሁሉ እዚህች ውስጥ አለ። የሚፈስ ነገር ያረፈበትን ይመስላል፤ ካረፈበት ለመላቀቅ ገላጋይ ይፈልጋል፤ ያረፈበትንም ጉድለት ይወርሳል።

የዛሬው ጨዋታችን በዚህ ሕግ ላይ ስለቆመ አንድ ሙያ ነው። ሰዎች ፋብሪካ ሳይኖራቸው፣ በጓሮና በጋራዥ፣ የጀልባ ገላ፣ የመኪና መከላከያ፣ የሞተር ሳይክል ክዳን የሚያወጡበትን ቅርጽ ማውጫ በእጃቸው ስለሚሠሩበት ሙያ። ባለሙያዎቹ «ሞልድ» ይሉታል። ነገሩ የመኪናና የጀልባ ወሬ ይመስላል እንጂ፣ በውስጡ እኛንም የሚነካ ጥያቄ አለ። አንድ ሰው ለወራት ደክሞ ያወጣውን ቅርጽ ሌላው በሁለት ቀን ቢገለብጠው፣ ቅርጹ የማን ነው?

ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን እዚሁ ቤታችን ትንሽ እንቆይ። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር «ሰምና ወርቅ ማለት ምን ማለት ነው?» ብዬ ስጠይቅ፣ ተማሪው ሁሉ አፉን ሞልቶ «ሰሙ ላይ ላዩ፣ ወርቁ ውስጠ ምስጢሩ» ይለኝ ነበር። ልክ ነው። ስሙ ከየት መጣ ሲባል ግን ክፍሉ ጸጥ ይላል። የመጣው ከአንጥረኛው ቤት ነው። አንጥረኛው ጌጥ ወይም መስቀል ሊሠራ ሲነሳ አስቀድሞ በሰም ይቀርጸዋል። ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ መፍሰሻ ቀዳዳም ይተውለታል። ጭቃው ሲደርቅ እሳት ያሳየዋል። ሰሙ ቀልጦ ይወጣና ጭቃው ባዶ ሆድ ይሆናል። በዚያ ባዶ ሆድ ውስጥ የቀለጠው ወርቅ ይገባል። ሲቀዘቅዝ ጭቃው ይሰበራል፤ ጌጡ ይወጣል። ሰሙ ጠፋ፣ ጭቃውም ተሰበረ፤ የቀረው አንድ ጌጥ ብቻ ነው። ሁለተኛ የሚፈልግ ካለ ሰሙን እንደ አዲስ መቅረጽ አለበት።

በፋይበር ግላስ ቤትም ሰም አለ። እዚህ ግን ሰሙ ቀልጦ የሚጠፋ አይደለም፤ በስሱ ተቀብቶ እንደ ኮባው ገላጋይ ይሆናል። ቅርጽ ማውጫውም አይሰበርም። አንድ ጊዜ ከተሠራ አሥር፣ ሃምሳ፣ መቶ ጊዜ ይወልዳል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ሰዎችን ፍርድ ቤት ያቆመው ግን ይኸው ልዩነት ነው።

ክሩ ራሱ የተገኘው ሳይታሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ዴል ክላይስት የተባለ የአሜሪካው የኦወንስ ኢሊኖይ ኩባንያ ወጣት ተመራማሪ፣ የመስታወት ጡቦችን አየር በማያሳልፍ መንገድ ለማጣበቅ ሲታገል፣ በግፊት የሚወጣ አየር የቀለጠውን መስታወት መትቶ ወደ ቀጫጭን ክር በተነው። በ1938 ኦወንስ ኮርኒንግ የተባለው ኩባንያ ይህንኑ ክር ይዞ ተቋቋመ። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ፖሊስተር ሬዚን የሚባለው፣ ፈሳሽ ሆኖ ተቀብቶ በኋላ እንደ ድንጋይ የሚጠና ሙጫ መጣ። ክሩ ጥንካሬ ሰጠ፣ ሙጫው ቅርጽ ሰጠ፤ ጭድና ጭቃ እንደ ማለት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአውሮፕላን ራዳር መሸፈኛ ከዚህ ይሠራ ነበር፤ ብረት የራዳርን ሞገድ ሲያግድ ይህኛው ያሳልፋልና። በ1942 ሬይ ግሪን የተባለ የኦሃዮ ሰው ከዚሁ ነገር ትንሽ ጀልባ ሠራ። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ሙጫው ያለ ምድጃና ያለ መጭመቂያ መሣሪያ፣ ጥቂት ማጠንከሪያ ብቻ ጠብ ተደርጎበት በክፍል ሙቀት መጠናት ጀመረ። ፋብሪካው ወደ ጓሮ የገባው ያን ጊዜ ነው።

ሥራው እንዴት ነው? መጀመሪያ የሚፈለገው ነገር ልክ እንደ ራሱ ሆኖ በእንጨት፣ በጀሶ ወይም በስፖንጅ መሰል ነገር ይቀረጻል። ይህንን አምሳል እንበለው። አምሳሉ በስቱኮ ይደፈናል፤ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፤ እንደገና ይደፈናል፤ እንደገና ይፈገፈጋል። መጀመሪያ በሻካራው፣ ከዚያ በለስላሳው፣ በመጨረሻ ውኃ እየነከሩ። ፊት እስኪያሳይ ድረስ። ከዚያ ሰም ይቀባል፤ ይወለወላል፤ ደግሞ ይቀባል። በሰሙ ላይ ጄልኮት የሚሉት ወፍራም ቀለም መሰል ሽፋን ያርፋል። በእሱ ላይ የመስታወቱ ክር ምንጣፍ እየተነጠፈ፣ ሬዚን እየጠጣ፣ የአየር አረፋው በሮለር እየተገፋ እየወጣ፣ ንብብር በንብብር ይወፍራል። ቅርጽ ማውጫው ከሚወጣበት ዕቃ ብዙ እጥፍ መወፈር አለበት፤ እንዳይጣመምም ከጀርባው የእንጨት ወይም የብረት ጎድን ይሠራለታል። ሲጠና ከአምሳሉ ይላቀቃል። ሆዱ ውስጥ ያው ሥራ ይደገማል፤ ሰም፣ ጄልኮት፣ ክር፣ ሬዚን። በመጨረሻ ዕቃው ይወለዳል።

እዚህ ላይ ብልሃትም ትዕግሥትም ይጠይቃል። የመጋገሪያው አፍ ከታቹ ሰፋ ያለ ባይሆን ዳቦው ተገልብጦ አይወጣም ነበር፤ ቅርጽ ማውጫም ጎኑ ትንሽ ዘመም ማለት አለበት። «እንስራ ሙሉ ጀሶ አፍስስና፣ ሲደርቅ እንስራውንም ጀሶውንም ሳትሰብር አውጣ» ብትባል ምን ታደርጋለህ? ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ጠባብ የሆነ ቅርጽ የሚወጣው ማውጫው ከሁለት ተከፍሎ በብሎን ሲገጠም ብቻ ነው። ማጠንከሪያውም ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ነው። «ቶሎ ይድረቅልኝ» ብሎ አብዝቶ የጨመረ ሰው ሬዚኑ በራሱ ሙቀት ተቃጥሎ ሲሰነጠቅ፣ አንዳንዴም ሲጨስ ያያል። በዚህ ሙያ ችኮላ ወዲያውኑ ይጋለጣል።

ዋጋውም የጊዜና የገንዘብ ብቻ አይደለም። ከሬዚኑ የሚወጣው ጠረን ስታይሪን ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2018 ስታይሪንን «በሰው ላይ ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም» ከሚባሉት ነገሮች ተርታ አስቀምጦታል። የማጠንከሪያው ጠብታ ዓይን ውስጥ ከገባ እስከ መታወር ሊያደርስ ይችላል። ሲፈገፈግ የሚቦንነው የመስታወት ብናኝ ቆዳን ይበላል፣ ሳንባን ያስቆጣል። ስለዚህ በር ዘግቶ፣ ያለ መነጽርና ያለ ጭንብል የሚሠራ ልጅ ካያችሁ ጀግና ነው ብላችሁ አትለፉት።

ትልልቆቹ ኩባንያዎችም ይህንን የጓሮ ሙያ ለመዋስ አላፈሩም። ብረት በትልቅ መጭመቂያ ለመቅረጽ የሚያስፈልገው ማተሚያ ብዙ ገንዘብና ረጅም ጊዜ ይፈጃል። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1953 ኮርቬት የተባለችውን መኪና ኒውዮርክ ላይ ለሕዝብ አሳይቶ፣ በዚያው ዓመት ጁን መጨረሻ ላይ የመጀመሪያዋን ከፋብሪካ ማውጣት የቻለው ገላዋ ፋይበር ግላስ ስለነበረ ነው። በዚያ ዓመት የተሠሩት 300 ብቻ ናቸው፤ ያውም አብዛኛው ሥራ በእጅ። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ነገሩን ያፋፋመው ግብር ነው። ሙሉ መኪና የገዛ ሰው ከባድ የግዢ ግብር ይከፍላል፤ ክፍሎቹን ገዝቶ ራሱ የገጣጠመ ሰው ግን አይከፍልም። ታዲያ በ1950ዎቹ ብዙ ትንንሽ ወርክሾፖች የፋይበር ግላስ ገላ እያወጡ፣ ወጣቱ የአሮጌ ኦስቲንና ፎርድ መቀመጫ ላይ እየጫነ «የስፖርት መኪና» ባለቤት ሆነ። ይህ በር የተዘጋው በ1973 የተጨማሪ እሴት ታክስ ሲመጣ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄያችን የሚያደርሰንን ሰው እናንሳ። ብሩስ ሜየርስ ይባላል፤ የካሊፎርኒያ ሰው ነው። በወጣትነቱ በጦር መርከብ ላይ አገልግሏል፤ ሥዕል ተምሯል፤ በኋላ በጀልባ መሥሪያ ቤት ለፋይበር ግላስ ጀልባዎች አምሳልና ቅርጽ ማውጫ ሲሠራ ሙያውን ተካነ። ባሕር ዳር ባለው አሸዋ ላይ ሰዎች በከባድ አሮጌ መኪና ሲንገላቱ እያየ፣ ቀላልና ሳቂታ የምትመስል ትንሽ መኪና በአእምሮው ሣለ። በ1964 የመጀመሪያዋን ሠርቶ አወጣ። «ሜየርስ ማንክስ» ተባለች። ከመጀመሪያዎቹ 12 በኋላ፣ ገላዋ በአጭሩ በተቆረጠ የቮልስዋገን ወለል ላይ እንዲቀመጥ አደረገ። አዎ፣ ያቺ እኛም አገር የምናውቃት ቮልስ! ሞተሩ የቮልስ፣ ጎማው የቮልስ፤ ሜየርስ የሚሸጠው ገላዋን ነው፤ ገዢው ወስዶ በጓሮው ይገጥማል።

በኤፕሪል 1967 ሜየርስና ጓደኛው ቴድ ማንግልስ ይህችኑ መኪና ይዘው ከሜክሲኮዋ ላፓዝ እስከ ቲጁዋና ያለውን አስፋልት የለሽ በረሃ በ34 ሰዓት ከ45 ደቂቃ አቋረጡ። ቀድሞ በሞተር ሳይክል የተያዘውን ሰዓት ከአምስት ሰዓት በላይ አሻሻሉ። ወሬው አሜሪካን አዳረሰ። ትእዛዝ ጎረፈ። ገልባጩም አብሮ ጎረፈ።

መገልበጥ እንዴት ቀላል እንደሆነ አሁን ይገባችኋል። አንዷን ማንክስ መግዛት ነው። ሰም መቀባት፣ ጄልኮት መቀባት፣ ክርና ሬዚን ማንጠፍ። የሌላው ሰው የተጠናቀቀ ሥራ ለገልባጩ አምሳል ሆኖ ያገለግላል። ያ ሁሉ ስቱኮ፣ ያ ሁሉ ፍግፈጋ፣ «ይቺ መስመር ትንሽ ትጉበጥ፣ አይ ትቃና» እያሉ ሌሊት መቆጨት፣ ሁሉም ተዘለለ ማለት ነው። ሜየርስ የፈጠራ መብቱን ይዞ ፍርድ ቤት ሄደ፤ ዳኛው ግን መብቱን አላጸኑለትም። የእሱ ኩባንያ ያወጣው በጥቂት ሺዎች ሲቆጠር፣ የግልባጮቹ ቁጥር በተለምዶ ሲገመት ከ250 ሺህ በላይ ይባላል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሜየርስ ጥሎ ወጣ፤ ኩባንያውም ተዘጋ። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ2000፣ ተመልሶ ሥራውን እንደ አዲስ ጀመረ። በ2014 የመጀመሪያዋ ቀይ ማንክስ በአሜሪካ የታሪካዊ ተሽከርካሪዎች መዝገብ ገባች። እሱ በፌብሩዋሪ 2021 በ94 ዓመቱ አረፈ። ክብሩ መጣ፤ ገንዘቡ ግን ከሌላ ሰው ጓሮ ነበር የወጣው።

ሌላ ክርክር ደግሞ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ቦኒቶ የተባለ የፍሎሪዳ ጀልባ ሠሪ በ1976 አንድ የጀልባ ገላ አወጣ። ንድፍ ተነደፈ፤ ከንድፉ የእንጨት አምሳል ተጠረበ፤ ከአምሳሉ ቅርጽ ማውጫ ተወሰደ፤ ከዚያ ጀልባ ተሸጠ። የፈጠራ መብት ግን አላስመዘገበም። የፍሎሪዳ ምክር ቤት በ1983 የሌላውን ሰው ጀልባ አምሳል አድርጎ ቅርጽ መውሰድን የሚከለክል ሕግ አወጣ። ቦኒቶም ተንደር ክራፍት የተባለውን የቴኔሲ ኩባንያ በዚህ ሕግ ከሰሰ። በ1989 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ሕጉን ሻረው። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ሳንድራ ዴይ ኦኮነር ናቸው።

ምክንያታቸው እንዲህ ተብሎ የሚጣል አይደለም። የፈጠራ መብት ማለት ውል ነው ይላሉ ሴትዮዋ በሐሳብ ደረጃ። አዲስ ነገር ያወጣህ ሰው ምስጢርህን ለሕዝብ ትገልጣለህ፤ ሕዝቡም ለተወሰነ ጊዜ ብቻህን እንድትጠቀም ይፈቅድልሃል። ውሉን ሳትገባ ዕቃህን ገበያ ካወጣኸው ግን ያየው ሁሉ ሊማርበት፣ ሊፈታታው፣ ሊሠራው ይችላል። ዕቃን ፈትቶ መመርመር ራሱ የአዲስ ነገር እናት ናት። እውነት ነው። ማንም ማንንም ሳይገለብጥ የተማረ አለ እንዴ? የአሜሪካ ምክር ቤት ግን ነገሩን እንዲያ አልተወውም፤ በ1998 የተመዘገበ የጀልባ ገላ ንድፍ ለ10 ዓመት እንዲጠበቅ አዲስ ሕግ አወጣ። እኛም ብንሆን የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 አለን። ሕግ አጥተን አይደለም።

ታዲያ ያጣነው ምንድን ነው? እኔ እንደሚመስለኝ ለአምሳሉ መክፈልን ነው። ባለሙያ ዘንድ ስንሄድ የምንለው «እንደዚህ ዓይነት ሥራልኝ» ነው። እሱም «ናሙናውን አምጣ» ይላል። ዋጋ ስንከራከር የምንቆጥረው ሬዚኑን፣ ክሩን፣ የቀን ሠራተኛውን ነው። ቅርጹን ለማሰብ፣ ለመሞከር፣ ለማበላሸትና ለመድገም የሚያስፈልገውን ወር ማንም አይቆጥረውም። «አዲስ ነገር አውጥቼ ልሥራላችሁ» ያለው ልጅ «ለሱ ደግሞ ትከፍላለህ?» ሲባል ውሎ፣ በመጨረሻ እንደ ጎረቤቱ ገልባጭ ይሆናል። ምን ያድርግ!

ይህ የዛሬ አመል አይደለም። ቅኔያችን መጠሪያውን የወሰደው ከአንጥረኛው ሙያ ነው ብያለሁ። ለአንጥረኛው በምላሹ የሰጠነው ስም ምን ነበር? ቡዳ። ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን፣ ሸክላ ሠሪዋን በሙያቸው ስንሰድብ ኖረን፣ አጼ ምኒልክ ነገሩን በአዋጅ እስከ መከልከል ደረሱ። መስቀሉን ተሳለምን፣ ጌጡን አደረግን፣ ምሳሌውን ለቅኔ ወሰድን፤ ሠሪውን ግን ከማዕዳችን አራቅን። ቅርጹን ወስዶ ባለቤቱን መርሳት ከዚያ ጀምሮ የለመድነው ነገር ነው።

የሚገርመው፣ መልሱም እዚያው ቅኔ ቤት ውስጥ አለ። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፤ መወድስ ስምንት ቤት ነው። ይህ ቅርጽ የማንም የግል ርስት አይደለም፤ የመጣ ተማሪ ሁሉ ይገባበታል። በውስጡ የሚፈሰው ግን ዕለት በዕለት አዲስ መሆን አለበት። ተማሪው የመምህሩን ቅኔ እየሰማ፣ እየፈታ፣ እየመሰለ ያድጋል፤ ማንም አይቆጣውም። ሲደርስ ግን የሰማውን ደግሞ እንደ ራሱ ቢያቀርብ ያፍራል። ቅኔ «ተዘረፈ» የምንለው እኮ ሰው ከራሱ አእምሮ አውጥቶ ሲናገር ነው። ከሌላው ወስዶ ሲናገር የሚመለከተው ሌላኛው ዝርፊያ ነው።

እንዲህ ስል የተሰበረ መከላከያውን በጓሮው ገልብጦ የሚሠራውን ሰው እየከሰስኩ አይደለም። መለዋወጫ በማይገኝበት፣ ቢገኝም በማይቀመስበት አገር እሱ ባለውለታ ነው። ሙያው የሚለመደውም በዚያ ነው። ጥያቄው ከመገልበጥ በኋላ ምን አለ የሚለው ነው።

የፋይበር ግላስ ባለሙያ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ፖሊስተር ሬዚን ሲጠና ይኮማተራል። ስለዚህ ከዕቃው ላይ ቅርጽ ተወስዶ የወጣ ግልባጭ ከወላጁ በጥቂቱ ያንሳል። ከግልባጩ ላይ የተወሰደው ደግሞ ከእሱ ያንሳል። ጠርዙ ይደፈጠጣል፣ መስመሩ ይደበዝዛል፤ በሌላ በኩል የመጀመሪያው ሰው ሳያይ ያለፋት ጭረት ግን አብራ ትወረሳለች። ጥቂት ትውልድ ካለፈ በኋላ መከላከያው ከመኪናው አይገጥምም። አስተማሪ የሆነ ሰው ይህንን ለማመን ሬዚን መንካት አያስፈልገውም። የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ የሆነ የመማሪያ ጽሑፍ አይቷል፤ «ሀ» እና «ሁ» የማይለዩበትን፣ የመጀመሪያው ጸሐፊ የፊደል ግድፈት ግን ቁልጭ ብሎ የሚታይበትን።

አገር በግልባጭ ብቻ ብትኖር የሚገጥማት ይኸው ነው። አንድ ቀን ሁሉም ዕቃ በጥቂቱ አንሶ፣ በጥቂቱ ደብዝዞ፣ ምንም ከምንም አይገጥምም። ያን ጊዜ አዲስ አምሳል የሚጠርብ ሰው ፈልጉ ቢባል ከየት ይመጣል? ያ ሰው ገና ዛሬ አንዱ ጋራዥ ጥግ ቁጭ ብሎ፣ ማንም ያላዘዘውን ነገር በብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈገ ይሆናል። ሥራውን ሲጨርስ መጥተን «ይቺን የምትመስል ስንት ትሠራልኛለህ?» ከማለታችን በፊት፣ «ይቺን ለማውጣት ስንት ጊዜ ፈጀብህ?» ብለን እንጠይቀው። የሰጠንን መልስም ሂሳቡ ውስጥ እናስገባለት።

ቸር እንሰንብት።